የቤት አላርም ባትሪ ሲግል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የምንመልሰው በባሕር ዳርና በጣና ዳር ባሉ ቤቶች የስርቆት አላርም ሳጥን ውስጥ ስለሚገኘው ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ደረቅ ባትሪ (ውሃ የማይጨመርበት፣ የታሸገ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ) ነው። በሊቲየም የሚሠሩት ትንንሾቹ አላርሞች ከታች ለብቻቸው ተነስተዋል። ባትሪዎ አሁን እየጋለ ከሆነ የመጀመሪያውን መልስ ብቻ አንብበው ወደ ሥራው ይሂዱ፤ ሌላው ይደርሳል።

ሳጥኑን ስነካው ያቃጥላል። አሁኑኑ ምን ላድርግ?

ከመክፈትዎ በፊት ያሽትቱ፣ ያዳምጡ። የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ፣ የሚያፏጭ ድምፅ ወይም ጭስ ካለ ሳጥኑን አይክፈቱት። ቆጣሪው ጋ ሄደው የአላርሙን ብሬከር ያጥፉ፤ የትኛው እንደሆነ ካላወቁ ዋናውን ያጥፉ። በርና መስኮት ከፍተው ሰው ሁሉ ከቤት ይውጣና እሳት አደጋ ይጥሩ። ሽታው ባለበት ክፍል አምፖል አያብሩ፣ አያጥፉ፣ ክብሪት አይጫሩ። ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ለመቀጣጠል ትንሽ ብልጭታ ይበቃዋል።

ሽታም ጭስም ከሌለ ግን ራስዎ ሊያወጡት ይችላሉ። መጀመሪያ አላርሙን በኮድዎ ያጥፉ፤ ለዘበኛውና ለጎረቤት ይንገሩ፤ ምክንያቱም የውጪው ሳይረን የራሱ ባትሪ ካለው ኃይል እንደተቋረጠበት መጮኹ አይቀርም። ቀጥሎ ብሬከሩን ያጥፉ። ሳጥኑን ከፍተው ከባትሪው ጥቁሩን ሽቦ ያስቀድሙ፣ ከዚያ ቀዩን ይንቀሉ። ቅደም ተከተሉ ያለ ምክንያት አይደለም፦ በብዙ ሳጥኖች ጥቁሩ ከብረት አካሉ ጋር ስለሚገናኝ፣ ቀዩን በፒንሳ ሲነቅሉ ፒንሳው ብረቱን ቢነካ ሾርት ያደርጋል። የተነቀሉትን ጫፎች ለየብቻ በናስትሮ ይጠቅልሉ።

ባትሪው አብጦ ሳጥኑ ውስጥ ከተቀረቀረ በካቻቢቴ ፈልቅቀው ለማውጣት አይሞክሩ። ፕላስቲኩ ተወጥሮ ስለሚቆይ ትንሽ ጫፍ ይሰነጥቀዋል። ሽቦው ከተነቀለ በኋላ ክፍሉን ከፍተው ሁለት ሦስት ሰዓት ይተዉት፤ ሲቀዘቅዝ መጠነኛ ክፍተት ይሰጣል። ጓንት አድርገው ወደ ውጪ ያውጡትና ሲሚንቶ ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ ከማገዶና ከከሰል ምድጃ ርቆ ይደር። ውሃ አይድፉበት፣ እንደገናም ቻርጅ አያድርጉት። አንዴ ያበጠ ባትሪ ጠፍጣፋ ቢመስልም አልዳነም።

ምን ያህል ሙቀት ነው ጤነኛ?

በሞቀና በጋለ መካከል ያለውን ልዩነት እጅዎ ያውቀዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ባትሪው ከክፍሉ ሙቀት በ5 ዲግሪ ያህል ከፍ ቢል ችግር የለውም፤ እየሞላ ነው። መብራት ሳይቋረጥ አንድ ቀን ሙሉ ከቆየ በኋላ ግን ባትሪው የግድግዳውን ያህል መቀዝቀዝ አለበት፤ ያኔም ሞቅ ካለ ምርመራ ያስፈልገዋል። የእጅዎን ጀርባ አስጠግተው 5 ሴኮንድ ማቆየት ካልቻሉ ወደ 50 ዲግሪ ደርሷል ወይም አልፏል፤ የዚያን ጊዜ ምርመራውን ትተው ይንቀሉት።

ሌላው ምልክት ቅርፅ ነው። የተማሪ ማስመሪያ በባትሪው ረጅም ጎን ላይ ያስተኙ። ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ማስመሪያው እንደ ሚዛን ወዲህ ወዲያ ካለ ወይም ከጫፎቹ ስር ብርሃን ከታየ ባትሪው አብጧል፤ ሙቀቱ ምንም ይሁን ምን ይውጣ።

የጋለው ባትሪው ራሱ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ይህን ጥያቄ ሳያነሱ ባትሪ የሚቀይሩ ብዙ ናቸው። ሳጥኑ ውስጥ በተፈጥሮው የሚሞቅ ነገር አለ፦ ትራንስፎርመሩ። ባትሪው እሱ ላይ ተደግፎ ከተቀመጠ በዚያ በኩል ብቻ ይሞቃል፤ ሌላው ጎኑ ቀዝቃዛ ነው። ሁለት ጣት ያህል ያርቁት፣ ነገሩ ያልቃል።

ሙቀቱ ሽቦው በሚገባበት ምላስ ላይ ብቻ ከሆነና የሽቦው ልባስ ቡናማ ሆኖ ከጠነከረ ደግሞ ጥፋቱ የላላ ወይም የዛገ ማያያዣ ነው። በሐይቁ ዳር ባሉ ቤቶች ክረምቱ ሲወጣ ይህ ይበዛል፤ እርጥበቱ ነሐሱን አረንጓዴ፣ እርሳሱን ነጭ ዱቄት ያለብሰዋል። ማያያዣው 4.8 ወይም 6.35 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ሰፊውን ጠባብ ምላስ ላይ መሰካት ራሱ ያላላዋል። ትክክለኛውን ይግዙና አዲስ ያስገቡ፤ የተቃጠለን ማያያዣ በፒንሳ ጨምቆ መመለስ ከጥቂት ወር በላይ አይሄድም።

ጠቅላላ አካሉ ከአራቱም ጎን እኩል ከጋለ ግን በሽታው ከውስጥ ነው፣ ወይም ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ባትሪውን ከሚሞላው ቻርጀር።

እና ባትሪው ለምን ይግላል?

የባትሪው ሆድ ውስጥ እያንዳንዳቸው 2 ቮልት አካባቢ የሚሰጡ 6 ክፍሎች በተከታታይ ተያይዘዋል። አላርሙ ባትሪውን ሁልጊዜ በ13.6 እና በ13.8 ቮልት መካከል ይዞ ያቆየዋል፤ ለአንዱ ክፍል 2.3 ቮልት ያህል ይደርሰዋል ማለት ነው። ጤነኛና የሞላ ባትሪ በዚህ ቮልት ጥቂት ሚሊ አምፔር ብቻ ነው የሚስበው። ስለዚህ አይሞቅም።

አሁን አንዱ ክፍል በእርጅና ሾርት አደረገ እንበል። ቻርጀሩ ይህን አያውቅም፤ 13.8 ቮልቱን እንደ ድሮው ይገፋል። ተቀባዮቹ ግን 5 ሆነዋል። 13.8 ለ5 ሲካፈል 2.76 ቮልት ይመጣል። በዚህ ቮልት ባትሪው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ጋዝ ይለወጣል፣ ጋዙ ፕላስቲኩን ይነፋል፣ ባትሪው ይደርቃል፣ ይግላል። ሲግል ደግሞ ውስጣዊ ተቃውሞው ስለሚቀንስ ብዙ ኮረንቲ ይስባል፤ ብዙ ኮረንቲ ሲስብ ይበልጥ ይግላል። ይህ አዙሪት አንዴ ከተጀመረ ሽቦውን ካልነቀሉት በስተቀር በራሱ አይቆምም። ለዚህ ነው «እስኪ ነገ ባለሙያ ይመጣል» ብሎ ባትሪውን እንደተሰካ ማሳደር የማይገባው።

ሁለተኛው ምክንያት ቻርጀሩ ራሱ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪ የቮልት መቆጣጠሪያውን ያበላሸዋል፤ ያኔ ከ13.8 ፋንታ 15፣ 16 ወይም ከዚያ በላይ ይለቃል። በዚህ ላይ ሳይረኑና ስሜት ሰጪዎቹ (ሌባ ሲገባ የሚያውቁት ሴንሰሮች) መሥራታቸውን ስለሚቀጥሉ ማንም ሳያውቅ ባትሪው ቀስ ብሎ ይቀቀላል።

ሦስተኛው የቦታው ሙቀት ነው። 13.8 ቮልት ትክክል የሚሆነው 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ለሚጨምረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ባትሪው የሚፈልገው ቮልት በ20 ሚሊ ቮልት ያህል ይቀንሳል። በ45 ዲግሪ የሚፈልገው 13.4 ነው። ርካሽ አላርሞች ይህን ማስተካከያ ስለማያውቁ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በቆርቆሮ ጣሪያ ስር ኮርኒስ ላይ የተቀመጠ ሳጥን ቻርጀሩ ደህና ሆኖ ሳለ እንኳ ባትሪውን ከልክ በላይ ይሞላዋል። በግምት በየ8 እስከ 10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ያጥራል።

በቴስተር እንዴት እለካለሁ?

ባትሪው የሚያርፍበትና የሚሞላበት ጊዜ ሳይቆጠር በ30 ደቂቃ የሚያልቁ ሦስት ልኬቶች አሉ። ርካሽ ዲጂታል ቴስተር ይበቃል፤ የራሱ ባትሪ የደከመ ቴስተር ግን ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ መጀመሪያ ቮልቱ በሚታወቅ ነገር ላይ ይሞክሩት። ሳጥኑ ውስጥ 220 ቮልት የሚገባበት ቦታ አለ፤ እሱን አይንኩ። ያንን ቦታ ለይተው የማያውቁ ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ይለካልዎ።

አንደኛ፣ ባትሪው ተነቅሎ ለ2 ሰዓት ካረፈ በኋላ ሁለቱን ምላሶቹን ይለኩ፤ ቴስተሩ በዲሲ 20 ቮልት ላይ ይሁን። ከ12.7 እስከ 12.9 ከሆነ ሞልቷል። 12.0 ከሆነ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል፤ አልሞላም ወይም አርጅቷል። ቀኑን ሙሉ ቻርጅ ላይ ውሎ 10.5 ወይም 10.7 ካሳየ አንዱ ክፍል ሞቷል፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ የቻርጀሩን ቮልት። ባትሪው ተነቅሎ፣ መብራቱ በርቶ፣ ባትሪው ይሰካባቸው የነበሩትን ቀይና ጥቁር ሽቦዎች ይለኩ። ከ13.6 እስከ 13.8 ይጠበቃል። 14.2 ካለፈ ቻርጀሩ ባትሪ ገዳይ ነው። አንዳንድ አላርሞች ባትሪ ከሌለ ቮልት አያወጡም፤ ዜሮ ካዩ ተበላሽቷል ብለው አይደምድሙ፤ ደህና ባትሪ ተሰክቶ ሳለ እንደገና ይለኩ።

ሦስተኛ፣ ባትሪው የሚስበው ኮረንቲ። ይህኛው ጥንቃቄ ይጠይቃል። የቴስተሩን ቀይ ገመድ ከቮልት ቀዳዳ አውጥተው 10 አምፔር የሚለው ውስጥ ያስገቡ፣ መራጩንም ወደ አምፔር ያዙሩ። ከዚያ ቀዩን የአላርም ሽቦ ከባትሪው ነቅለው ቴስተሩን በመካከል ያስገቡት፤ አንዱ ጫፍ ሽቦው ላይ፣ ሌላው የባትሪው ምላስ ላይ። በአምፔር የተዘጋጀ ቴስተር የባትሪውን ሁለት ምላሶች በቀጥታ ከነካ ሾርት ያደርጋል፤ ገመዱ በእጅዎ ላይ ይቀልጣል። 24 ሰዓት ሳይቋረጥ የተሞላ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 20 ሚሊ አምፔር ወይም ከዚያ በታች ቢስብ ደህና ነው። ከ100 በላይ ከሆነና ጊዜ እየሄደ ካልወረደ፣ ቮልቱ ትክክል ቢሆንም ባትሪው ይቀየር። ልኬቱን ሲጨርሱ ቀዩን ገመድ ወደ ቮልት ቀዳዳው መመለስ እንዳይረሱ።

አዲስ ባትሪ ገዝቼ በ3 ወር እሱም ጋለ። ባትሪው የውሸት ነው?

ሊሆን ይችላል። ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከላይ ያለው ሁለተኛው ልኬት ነው። የቻርጀሩን ቮልት ሳይለኩ የተገዛ ባትሪ የመጀመሪያውን ዕጣ ይከተላል። ባትሪ ሻጩ ይህን አይለካልዎትም፤ ቤትዎ መጥቶ አያየውምና።

ቻርጀሩ ማስተካከያ ካለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በመስቀል ካቻቢቴ የምትዞር ትንሽ ፕላስቲክ ብሎን ናት፤ በጣም ቀስ አድርገው እያዞሩ 13.6 ላይ ያቁሙት። በሙቅ ክፍል ውስጥ ለተሰቀለ ሳጥን 13.5 ይሻላል። ብሎኗ ስትዞር ቮልቱ ካልተከተላት መቆጣጠሪያው ተቃጥሏል፤ ቻርጀሩ ወይም ቦርዱ ይቀየር። እስኪቀየር ድረስ ባትሪ አይሰኩ፤ ስሜት ሰጪዎቹም በዚያ ቮልት እንዳይጎዱ አላርሙ ቢጠፋ ይመረጣል።

የሚሞቀው መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ ብቻ ነው። ልጨነቅ?

ለብ ማለት ብቻ ከሆነ አይጨነቁ። ሒሳቡን ግን ይሥሩ። ቦርዱ፣ የቁጥር ሰሌዳው፣ ስልክ ደዋዩና አምስት ስድስት ስሜት ሰጪዎች በአንድነት 300 ሚሊ አምፔር ያህል ቢወስዱ፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 80 በመቶው እስኪያልቅ 18 ሰዓት ያህል ይቆያል። ሳይረኑ ከጮኸ ያንሳል። ያንን መልሶ ለመሙላት ቻርጀሩ 500 ሚሊ አምፔር ለባትሪው ቢሰጥ ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይፈልጋል። ከዚያ በፊት መብራት ደግሞ ከሄደ ባትሪው ጎዶሎ ሆኖ ይውላል ያድራል፤ እንዲህ የከረመ ባትሪ ውስጡ ሰልፌት የሚባል ጠጣር ክምችት ይይዛል፣ ክፍሎቹም ቶሎ ይሞታሉ።

መብራት ሲመለስ የሚመጣውን ድንገተኛ ጭማሪ ለመከላከል ለፍሪጅ የሚደረገውን መከላከያ ለአላርሙም ያድርጉለት፦ ቮልቴጁ እስኪረጋጋ 3 ደቂቃ ያህል ቆይቶ የሚያስገባውን ዓይነት። አላርሙ ያን ጊዜ በባትሪው ስለሚሠራ የሚያጣው ነገር የለም።

ረዘም እንዲቆይልኝ የመኪና ባትሪ ልሰካበት?

አይሰኩ። ለ7 አምፔር ሰዓት የተሠራ ቻርጀር የመኪና ባትሪ ለመሙላት ቀናት ይፈጅበታል፤ በእነዚያ ቀናት ትራንስፎርመሩ ሙሉ ጭነት ላይ ስለሚቆይ የሚግለው እሱ ይሆናል። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ደግሞ መኝታ ቤት ውስጥ የአሲድ ጭጋግ ይለቃል። ሁለት ባትሪ በጎን (ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር) ማያያዝ ከፈለጉ ቻርጀሩ የሚችል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ በአንድ ቀን የተገዙ ይሁኑ። አሮጌና አዲስ ከተያያዙ አሮጌው አዲሱን ይዞ ይወድቃል።

ሶላር ወይም ኢንቨርተር ላይ ነው ያገናኘሁት።

በዘጌ፣ በጎርጎራና መስመር ባልደረሰባቸው የሐይቁ ዳር ቤቶች ባትሪውን ከሶላር ፓነል ጋር በቀጥታ የሚያያይዙ አሉ። «12 ቮልት» የሚባል ፓነል ጭነት ሳይኖርበት በፀሐይ 21 ቮልት አካባቢ ያወጣል። በመካከሉ የቻርጅ መቆጣጠሪያ ከሌለ በጥቂት ቀን ውስጥ ባትሪው ያብጣል። መቆጣጠሪያ ካለም የባትሪ ዓይነት መምረጫው በታሸገ ባትሪ ላይ ይሁን፤ ውሃ ለሚጨመርበት የተዘጋጀው ቮልቱን ከ14.5 በላይ ያወጣዋል።

ርካሽ ኢንቨርተሮች ደግሞ የሚሰጡት ኮረንቲ ንጹሕ ሞገድ ስለሌለው ትራንስፎርመሩ ይጮኻል፣ ይሞቃል። ሳጥኑ ላይ ጆሮዎን ቢያስጠጉ ንብ የገባበት ይመስላል።

የእኔ አላርም ትንሽ ነጭ ሳጥን ነው፣ ሲም ካርድ የሚገባበት።

ያ ውስጡ ሊቲየም ባትሪ ነው፤ አያያዙ ሌላ ነው። አንዱ ሕዋስ ከ4.2 ቮልት ማለፍ የለበትም። ክዳኑ ከተነሳ ወይም ጀርባው እንደ ዳቦ ከተነፋ ስፒናውን ነቅለው ወደ ውጪ ያውጡት፤ አይውጉት፣ አይጫኑት። በዚያው ቮልት በተጻፈበትና መከላከያ ሰርኪዩት ባለው ብቻ ይተኩት።

ትልቁን 12 ቮልት ባትሪ አውጥቶ ከላፕቶፕ በተፈቱ ሦስት የሊቲየም ሕዋሶች መተካት ደግሞ ቤት ማቃጠል ነው። ሦስቱ በአንድነት የሚችሉት 12.6 ቮልት ነው፤ አላርሙ የሚገፋው 13.8።

ሳጥኑ የት ቢሰቀል ይሻላል?

ከኮርኒስ በታች፣ የከሰዓት ፀሐይ በማይመታው የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ በሁሉም በኩል አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ኖሮት። ቁም ሳጥን ውስጥ ልብስ ከላዩ ተደርቦበት የሚገኝ ሳጥን ሙቀቱም ጋዙም መውጫ የለውም። የአየር ቀዳዳዎቹ በቀለም እንዳይደፈኑ፤ ማታ ብርሃን ተከትሎ የሚገባው ትንኝና ጉንዳን እንዳይሞላባቸውም በሽቦ ወንፊት ይሸፍኗቸው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ሲወጣና የበጋው ሙቀት ሳይጀምር፣ ከፍቶ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል።

አዲስ ሲገዛ ምን ይታይ?

ቴስተር ይዘው ይሂዱ። መደርደሪያ ላይ ያለ ባትሪ ከ12.6 በላይ ማሳየት አለበት፤ ከ12.4 በታች ያለውን አይውሰዱ። በእጅ ይመዝኑት፦ እውነተኛ 7 አምፔር ሰዓት 2 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ አንድ ኪሎ ተኩል ብቻ የሚመዝን ከሆነ እርሳሱ ተቀንሶበታል፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ምንም ቢሆን። የተመረተበትን ቀን ይፈልጉ፤ ቻርጅ ሳይደረግ ከ6 ወር በላይ የተቀመጠ ዕድሜው ተበልቷል። የሰኩበትን ወርና ዓመት ጎኑ ላይ በማርከር ይጻፉ። ቀዝቃዛ ቦታ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ሙቅ ቤት ውስጥ በ2 ዓመቱ ይለኩት።

ፈሳሽ ወጥቶበታል። አደገኛ ነው?

ሰልፈሪክ አሲድ ነው። የጎማ ጓንት ያድርጉ፣ ቤኪንግ ሶዳ ይነስንሱበት፣ መፍላቱ ሲቆም በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ዓይን ከነካ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጡ በንጹሕ ውሃ እያጠቡ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ቦርዱ ላይ ከነጠበ አላርሙን መልሰው ከማብራትዎ በፊት ባለሙያ ይየው።

የሞተውን ባትሪ የት ላድርገው?

አዲሱን ለሸጠልዎ ወይም ለአሮጌ ባትሪ ገዢ ይስጡ፤ እርሳሱ ዋጋ ስላለው የሚቀበል አይጠፋም። ግቢ ውስጥ ሰብሮ እርሳሱን የሚያወጣ ሰው ካገኙ ያስቁሙት፤ አሲዱ በዝናብ ታጥቦ መጨረሻው ጣና ነው፣ የእርሳሱ ብናኝ ደግሞ ግቢው ውስጥ በሚጫወቱት ልጆች እጅና አፍ ይገባል። የሚረከብ እስኪገኝ ምላሶቹን በናስትሮ ሸፍነው፣ ልጅ በማይደርስበት ጥላ ውስጥ፣ ፕላስቲክ ሳፋ ላይ ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት።